ደብዳቤ ያልወጣለት ውኃ

ሐምሌ 3፣ ሰመራ

ከአይሮሌ ደሴት አሁን ተመለስን። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነው፤ ቧንቧውም ዛሬ ደርቋል።

ስብሰባው እንደ ባለፈው ሆነ። አለቃዬ አቶ ፍሬምናጦስ ከጀልባው እንደወረደ ድምፅ ማጉያውን አነሣና «የዛሬው ውይይታችን ሦስት አጀንዳዎች አሉት» አለ። ተረጎምኩ፤ ቢሮው ውስጥ ሥራዬ ሻይ ማፍላት ቢሆንም አፋርኛ የማውቀው እኔ ነኝ። የደሴቱ ሽማግሌዎች ከግራሩ ሥር ተቀምጠው አዩን። በመጨረሻ ትልቁ ሰው፣ አባ ሁመድ፣ «ሰምተናል» አሉ። ሌላ ምንም የለም። ሐይቁ ማዶ ስለሚሠራላቸው አዲስ መንደር ሲጠየቁ ዝም። ስለ ጤና ሲጠየቁ ዝም። ሴቶቹ ጭራሽ አልመጡም።

ሲመሽ አፋምቦ ላይ ሹፌራችን ቢያድግልኝ መኪናውን እያስነሣ፣ «ጉማሬው ይሻላል፤ ቢያንስ አፉን ይከፍታል» አለ። ማንም አልሳቀም። አቶ ፍሬምናጦስ ፊቱን በመሐረብ ጠርጎ፣ «እትዬ አሰፋሽ፣ ምን አድርገናቸው ነው?» አለኝ። እንደ ልጅ ነው የጠየቀኝ። በዕድሜ ታናሽ ወንድሜ ይሆናል። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ብዕሬ እምቢ ይለኛል።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ለምን ዝም እንዳልኩ አላውቅም። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ።

ሐምሌ 4

ዛሬ ነገርኩት። ሻይ ሳስቀምጥለት፣ በሩ ላይ ቆሜ።

«ገብተን አልተቀመጥንም» አልኩት። «አፋር ዘንድ የመጣ ሰው መጀመሪያ ዳጉ ይሰጣል። ቁጭ ብሎ በመንገዱ ያየውን ይናገራል፤ የሰማውንም፣ ከማን እንደሰማው ስሙን ጠርቶ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ሞተው፣ ስለ ተወለደው። ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ። ከዚያ ተራው የእነሱ ይሆናል። እኛ ወሬያችንን ሳንሰጥ ሥራ እንጀምራለን። ወሬውን ደብቆ የመጣ እንግዳ ለደግ መጣ አይባልም።»

እዚህ ቢሮ ስሠራ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። እሱ ግን ይጽፍ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አዲስ አጀንዳ ታተመ። ተራ ቁጥር አንድ፦ ዳጉ። ጊዜ፦ አሥር ደቂቃ። አቅራቢ፦ ወ/ሮ አሰፋሽ። ቢያድግልኝ አነበበና ጭኑን በእጁ መታ። «እትዬ! ወሬ በመንግሥት በጀት ተጀመረ በይኛ!»

ሐምሌ 14

ደክሞኛል፤ ግን ይህን ሳልጽፍ አልተኛም።

ደሴቱ ላይ እንደወረድን ድምፅ ማጉያው ጀልባ ውስጥ ቀረ። ጥላው ሥር ቁጭ አልን። አባ ሁመድ በመጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። «ዱብቲ እርሻ ላይ ጥጥ ይመዝን የነበረው የካሣ ልጅ» አልኩ። አፋርኛውን ከየት እንዳመጣሁት ያን ጊዜ ገባቸው። «ካሣ ሚዛኑ ላይ እግሩን አያሳርፍም ነበር» አሉ ለሌሎቹ። አባቴን እንዲህ ብሎ የጠራልኝ ሰው ከሞተ ወዲህ የለም።

ጀመርኩ። ሰመራ ጠብታ እንዳልጣለ፣ ደጋው ግን እንደጠቆረ ከጭነት ሹፌሮች መሰማቱን። ሎግያ ላይ ተሳቢ መኪና ተገልብጦ ማንም እንዳልሞተ። አይሳኢታ ገበያ ላይ የፍየል ዋጋ መውረዱን። አሥር ደቂቃው ሲያልፍ አቶ ፍሬምናጦስ ሰዓቱን አየ፤ ቆይቶ ፈቶ ኪሱ ከተተው። ለዚህ አመሰገንኩት፤ በልቤ።

ከዚያ ተራው የእነሱ ሆነ። እንዴት እንደተናገሩ! አዞ የወሰደውን ፍየል፣ ከረመዳን ወዲህ ብቅ ያላለውን የጤና ሠራተኛ፣ ጅቡቲ ሄዶ የቀረውን ልጅ፣ ሁሉንም። ሴቶቹም መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። በመጨረሻ አባ ሁመድ እንዲህ አሉ፤ ቃል በቃል ተርጉሜዋለሁ።

«አምና ውኃው በሌሊት መጣ። ከላይ ከግድቡ የሚለቁት ሰዎች ቀድመው ያውቃሉ። እኛ የምናውቀው እግራችን ሲርስ ነው። መንደር አልጠየቅናችሁም። ቆርቆሮ አልጠየቅናችሁም። ውኃው ሲነሣ ንገሩን። ይህን ካደረጋችሁ በሌላው ሁሉ እንነጋገራለን።»

አቶ ፍሬምናጦስ «ቃል እገባለሁ» አለ። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ትነግሪኛለሽ።»

«እነግርዎታለሁ» አልኩ።

የልጃቸው ሚስት ሐያት እስከ ጀልባው ሸኘችኝ። ጅቡቲ የቀረው ባሏ ነው። «አፋርኛሽ ጥጥ ጥጥ ይላል» ብላ ሳቀችብኝ። በስተምሥራቅ ሐይቁ ሸሽቶ የተወውን ሜዳ በጣቷ አሳየችኝ፤ ሣሩ ከሩቅም አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ውኃው ይዘገያል ከተባለ ፍየሎቹን ወደዚያ ያወርዷቸዋል። በቅርብ ይመጣል ከተባለ ደግሞ ደሴቱ ከፍታ ላይ እሾህ እየቀጠፉ ይቆያሉ፤ ይከሳሉ እንጂ አይሞቱም።

«እዚያ መንደር ትገቢያለሽ?» አልኳት።

«ፍየል ካለኝ የፈለግሁበት እኖራለሁ» አለች። «ፍየል ከሌለኝ ያስቀመጡኝ ቦታ።»

ሐምሌ 21፣ አዋሽ

ለግምገማ ወደ ዋናው ቢሮ መጣን። እኔ ለምን እንደመጣሁ አላውቅም ነበር፤ ለካስ የአይሮሌው ስብሰባ በምሳሌነት ሊቀርብ ነው። ከኋላ ተቀምጬ «ዳጉ» የሚለው ቃል ስክሪን ላይ ሲበራ አየሁ። አጨበጨቡ። አንገቴን ደፋሁ።

ከምሳ በኋላ አንድ ስልክ ተደወለ። ደጋው ላይ ዝናቡ በርትቷል፤ ግድቡ ሞልቷል፤ ነሐሴ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ይለቀቃል። አንዱ «ለታችኛዎቹ ተነግሯል?» አለ። ሌላው «በደብዳቤ ይደርሳቸዋል» አለው። ሦስተኛው ወረቀቱን እየሰበሰበ «እነሱ ውኃ ለምደዋል» አለ።

አቶ ፍሬምናጦስ ውጭ ጠብቆኝ ነበር። «እትዬ፣ የሰማሽው እዚህ ይቅር። ደብዳቤ ካልወጣለት ወሬ ነው። የመንደሩ ጣሪያ ገና አልተመታም። ዛሬ ብንነግራቸው ነገ ይነሣሉ፤ የት አስቀምጣቸዋለሁ? ያንቺም የቋሚ ቅጥር ጉዳይ በዚህ ወር ይታያል።»

ሁለቱን ነገር አያይዞ አልተናገረም። በአንድ ትንፋሽ ወጡ እንጂ።

ማታ ከልጄ ከኑሀሚን ጋር ነኝ። የምታድረው እህቴ ቤት ነው፤ ለሷም ለእህቴ ልጆችም አንድ አልጋ ነው። ልጄ ቁመቷ አልፎኛል። «እማ፣ መቼ ነው የምትወስጂኝ?» አለች። ቋሚ ስሆን፣ ቤት ስይዝ አልኳት። አምናም ይህንኑ ብያታለሁ። «እሺ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐምሌ 23፣ መንገድ ላይ

ሚሌ ቆመናል፤ ጎማ እየተቀየረ ነው። አቶ ፍሬምናጦስ ተኝቷል። ቢያድግልኝ «ምነው ዛሬ ድዳ ሆንሽ?» አለኝ። ውኃ ሊለቁ ነው አልኩት። «እና ላንቺ ምንሽ ነው? ዋና አትችዪም?» አለና ሳቀ።

ለሹፌር መንገር መንገር አይደለም።

ሐምሌ 28

አይሮሌ ሄደን መጣን። ዳጉ ሰጠሁ። አባ ሁመድ ስለ ውኃው ጠየቁኝ፤ መለስኩላቸው። የመለስኩት ውሸት አይደለም።

አቶ ፍሬምናጦስ በጣም ተደስቷል። ሐያት ወተት ሰጠችኝ፤ ሙቀቱ ነው መሰለኝ ሳልጨርሰው አስቀመጥኩት።

ሐምሌ 30

ደብዳቤው ወጥቶ እንደሆነ ጠየቅሁ። አልወጣም።

ከሰዓት በኋላ ደግሜ ጠየቅሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ «እትዬ፣ የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ?» አለች።

ነሐሴ 2፣ ዱብቲ

ፍልሰታ ገባ። ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ዱብቲ ወረድኩ። መልስ ላይ መናኸሪያው አጠገብ ሐንፈሬን አገኘሁት፤ አፋምቦና ዱብቲ የሚመላለስ የፍየል ነጋዴ ነው፤ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ቁጭ አልን። ወሬውን ጀመረ። የሰማሁትን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«አይሮሌ ነበርኩ። ሁመድ ደኅና ነው። የሁመድ ወሬ ይህ ነው፦ የካሣ ልጅ አሰፋሽ ከሰመራ መጣች። ስለ ውኃው ጠየቅኋት። ‹የተጻፈ ነገር የለም፤ ደብዳቤ አልወጣም› አለችኝ። እሷ ከቢሮው ናት፤ ቢኖር ትሰማው ነበር። ስለዚህ ፍየሎቹን ወደ ምሥራቁ ሜዳ አወረድናቸው። ሁመድ እንዲህ አለ። አጎራባች መንደር ያሉት ሰዎችም ይህንን ሰምተው አወረዱ።»

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «አልሐምዱሊላህ፣ ሣሩ ጥሩ ነው» አለ። «ያንቺስ ወሬ?»

ደኅና ነን፣ ሰመራ ሙቀት ነው አልኩ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊሄድ ነው አልኩና ተነሣሁ። ገና ግማሹም አልሞላም ነበር።

ወሬ ያለ ባለቤት አይሄድም እዚህ አገር። ስሜ እስከየት እንደደረሰ እንጃ።

ነሐሴ 4

አቶ ፍሬምናጦስ ዘንድ ገባሁ። በሩን ዘጋሁት፤ ዘግቼው አላውቅም። ፍየሎቹ ሜዳ ላይ ናቸው አልኩት። መጥፎ ሰው አይደለም። አዋሽ ደወለ። ደብዳቤው ተፈርሟል አሉት፤ ማኅተም የሚመታው ሰው ግን ለሐዘን አገሩ ሄዷል። ክልሉን ጠየቀ፤ ካልደረሰን አናስተላልፍም አሉ። ወረዳው ዘንድ ደወለ፤ ኔትወርክ የለም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ደብዳቤው ይመጣል» አለኝ። «ዛሬ ወይ ነገ ይመጣል።»

«መኪና ይስጡኝና ልሂድ።»

«ምን ብዬ ነው የስምሪት ወረቀት የምፈርመው? ወሬ ልታደርስ?»

ስብሰባ ስናደርግ ጊዜ መኪና ነበረ። ጀልባ ነበረ። የታሸገ ውኃ በካርቶን ነበረ። ነዳጅ ነበረ።

ነሐሴ 6

ደብዳቤ የለም። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አዋሽ ድልድይ ላይ ወንዙ ቡና መስሏል አለ።

አልጾምኩም ማለት ይሻላል። እህል ከመተው በቀር የጾምኩት ነገር የለም።

ነሐሴ 7

ሥራ አልገባሁም። ታምሜአለሁ ብዬ ላክሁ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ዱብቲ ወረድኩና ወደ አይሳኢታ የሚሄዱ መኪኖች ከሚቆሙበት ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ቀትር ላይ ስትደርስ ሐንፈሬ መጣ።

አስቀመጥኩትና ነገርኩት፦ ግድቡ ይለቀቃል፣ ወንዙ ከላይ ሞልቷል፣ ፍየሎቹ ከሜዳው ይውጡ፣ ዛሬውኑ ለሁመድ አድርስልኝ።

አላቋረጠኝም። ስጨርስ እንደ ሕጋቸው ጠየቀኝ። «ከማን ሰማሽ?»

«ከአዋሽ፣ ከዋናው ቢሮ።»

«መቼ?»

«ትናንት» አልኩት።

ፍየል ሊሸጥለት የቀጠረውን ሰው ትቶ ተነሣ። መኪና አልጠበቀም፤ በሚሄድ የጥጥ ትራክተር ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ ሄደ።

ትናንት ብል ምን ለውጥ አለው? ዋናው መድረሱ ነው። ዋናው ውኃው ይመጣል መባሉ ነው። ቀኑን ማን ይፈልገዋል?

ነሐሴ 9

ውኃው ትናንት ማታ ገባ።

ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት ደረሰ። ማኅተሙ ጥርት ያለ ነው።

ነሐሴ 11

ሰው አልሞተም። ሰው አልሞተም። ሰው አልሞተም።

ሐንፈሬ የደረሰው በማግስቱ፣ ውኃው ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሊመሽ ሲል ነው። በታንኳ ሕፃናቱንና ሽማግሌዎቹን ወደ ማዶ አሻገሩ። ፍየሎቹን ለመሰብሰብ ጊዜ አልነበረም። ወጣቶቹ በጨለማ ሜዳው ድረስ ዋኝተው ጥቂቶቹን አወጡ ይላሉ። የሐያት ግን አንድም አልተረፈም። ሬሳቸው ሸንበቆው ውስጥ ተሰክቶ ይታያል ተብሏል፤ አዞዎቹ እንኳ ጠግበው ትተውታል።

አንድ ቀን ቀደም ብዬ ዱብቲ ብወርድ ኖሮ። ነሐሴ 2 እኮ ዱብቲ ነበርኩ። ግን ያን ቀን ሐንፈሬ ቸኩሎ ነበር።

አልቸኮለም። እኔ ነኝ የቸኮልኩት።

ነሐሴ 17

ቢሮ ውስጥ ደስታ ነው። የአይሮሌ ሰዎች አዲሱ መንደር ለመግባት እሺ ብለዋል። ስንት ዓመት የተለፋበት ነገር። ለአዋሽ የሚላከውን ሪፖርት ኮሪደር ላይ ቆመው ሲያነቡት ሰማሁ፦ «በተሻሻለው የተሳትፎ ስልት ማኅበረሰቡ በራሱ ፈቃድ…»

«ፍየል ከሌለኝ ያስቀመጡኝ ቦታ» ብላኝ ነበር ሐያት። እሱም ፈቃድ ይባላል እንግዲህ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ፍሬምናጦስ አስጠራኝ። ቋሚ ሆኛለሁ። የማኅበረሰብ ግንኙነት ባለሙያ። ዳጉን በሌሎች ወረዳዎችም አስፋፋለሁ። «ይገባሻል፣ እትዬ» አለኝ፤ ከልቡ ነው። ቢያድግልኝ «ሥጋው የታለ? ጾሙ ትናንት አይደል እንዴ የተፈታው?» እያለ ተከተለኝ። ለኑሀሚን ደወልኩ። ጮኸች። እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ያዝኩት።

ነሐሴ 22

የመፈራረሚያው ቀን። በሐይቁ ዳር፣ በአዲሱ መንደር። ቤቶቹ በረድፍ ቆመዋል፤ ግማሾቹ አሁንም ጣሪያ የላቸውም። ድንኳን ተተከለ፤ ወንበር መጣ። አባ ሁመድ ወንበሩን በእጃቸው ገፋ አድርገው መሬት ተቀመጡ፤ ሌሎቹም እንደሳቸው። ሐያት ከሴቶቹ መሃል ነበረች። ሰላም አልኳት። መለሰችልኝ፤ እንደማንኛውም ሰው። ቢያድግልኝ ከእኛ ቀድሞ መኪናውን አቁሞ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጦ ነበር። «ዳጉ እየሰጠኋቸው ነው፤ ተምሬአለሁ እኮ!» ብሎ ጠቀሰኝ።

አጀንዳ አንድ ዳጉ ነው። አባ ሁመድ በዚህ ጊዜ እኔ እጀምራለሁ፣ ባለ አገሩም አሁን መንገደኛ ሆኗል አሉ። ጀመሩ። ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፤ እተረጉማለሁ፤ አቶ ፍሬምናጦስ ይጽፋል። ድምፃቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

«የውኃውን ወሬ እንዲነግሩን ጠየቅን።» ተረጎምኩ። «እነሱም ቃል ገቡ።» ተረጎምኩ። «ሐምሌ መጨረሻ ላይ አሰፋሽ የካሣ ልጅ መጣችና የተጻፈ ነገር የለም አለች።»

«አንዲት የቢሮ ሠራተኛ መጥታ» አልኩ፣ «የተጻፈ ነገር የለም አለች።»

አባ ሁመድ የገበያ አማርኛ ያውቃሉ፤ ያንን ረስቼው አይደለም። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ «ስም አላት» አሉ።

የአቶ ፍሬምናጦስ ብዕር ቆመ።

«አሰፋሽ» አልኩ። «አሰፋሽ ካሣ።»

ቀጠሉ። «ፍየሎቹን ወደ ሜዳው አወረድን።» ተረጎምኩ። «ከዚያ ሐንፈሬ መጣ፤ አሰፋሽ ትናንት ሰምታ ላከችኝ አለ።» ተረጎምኩ። «ዛሬ ደግሞ ሹፌሩ ቢያድግልኝ ወሬውን ሰጠን፤ ‹እሷ ይህን የሰማችው ሐምሌ ሳያልቅ አዋሽ ላይ ነው፣ ሚሌ ጎማ ሲቀየር ለእኔም ነግራኛለች› አለ።» ቢያድግልኝን አየሁት። ፈገግታው ገና ከፊቱ አልጠፋም ነበር፤ ምን እንዳደረገ አያውቅም። ያየውንና የሰማውን፣ ከማን እንደሰማው፣ መቼ እንደሰማው ተናገረ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ይህንንም ተረጎምኩ። ቃል አልዘለልኩም። ምላሴ የሌላ ሰው ምላስ ሆኖብኝ ነበር።

«የእኛ ወሬ ይህ ነው» አሉ አባ ሁመድ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ጠበቁ። ስድብ የለም፣ እርግማን የለም። ተራው የእኛ ስለነበረ ብቻ ነው የሚጠብቁት።

አቶ ፍሬምናጦስ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ይኼ ቃለ ጉባኤ ላይ አይገባም። አጀንዳ ሁለት እንግባ በያቸው። እትዬ፣ በያቸው።» ወረቀቱ ላይ መፈረሚያው ቦታ በእርሳስ ምልክት ተደርጎበታል።

ሐያት አንገቷን ቀና አድርጋ አፌን ታያለች።

ወንበሬን ትቼ መሬት ቁጭ አልኩ። ወሬዬን ከአዋሽ ጀመርኩ።